ካያክ ሲገዙ መጀመሪያ መሃሉን ይዩ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶች። ካያክን ለዓለም ያስተዋወቁት የአርክቲክ ሕዝቦችም ይህን ምክር የሚያውቁ ይመስላሉ። ኢንዊቶች አዳኙ ብቻውን የሚቀዝፈውን ጠባብ ጀልባ ካያክ፣ ቤተሰብና ጓዝ የሚጭነውን ሰፊ ጀልባ ደግሞ ኡሚያክ ብለው ለየብቻ ሠሯቸው። የዛሬ ገዢ ግን ጋራዡም ኪሱም ለሁለት ጀልባ አይበቃም። ሲያትል አልካይ ዳርቻ ቆሞ ፑጀት ሳውንድ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ የሚያይ አባወራ ማክሰኞ ከሥራ መልስ ብቻውን፣ ቅዳሜ ደግሞ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር በዚያው በአንዱ መውጣት ይፈልጋል።

ይቻላል፤ ምርጫውን ካወቁበት።

ካያክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እግርን ወደ ውስጥ ሰድደው የሚቀመጡበት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ከነፋስና ከብርድም ይከልላል። ከተገለበጠ ግን ውሃ ይሞላል፤ ውሃውን በፓምፕ ማውጣትና መልሶ መግባት ልምምድ ይጠይቃል። ሌላው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ነው። ጣና ላይ ታንኳ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው እንጂ ውሃ ስለማያስገባ አይደለም፤ እግር ቢረጥብ ማንም አይደነግጥም። ይኸኛው ካያክም በሆዱ በታሸገው አየር ይንሳፈፋል፤ ማዕበል ላዩ ላይ የደፋው ውሃ ከላይ እስከ ታች በተበሱት ቀዳዳዎች ይወርዳል። ትንሽ ልጅ ላለው ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

አሁን ወደ መሃሉ እንምጣ። ፊትና ኋላ ሁለት መቀመጫ ብቻ ባለው ካያክ ብቻዎን ከኋላ ሲቀመጡ አፍንጫው ከውሃው ይነሳል፤ የጎን ነፋስም ያንን ብድግ ያለ አፍንጫ እየገፋ መንገድ ያስታል። ለብቻም ለቤተሰብም ተብሎ በደንብ የተሠራ ካያክ ግን ወንበሩ ተፈትቶ መሃል ላይ ይታሰራል። ቤተሰብ ሲወጣ ያ የመሃል ቦታ የልጁ ነው። እዚያ ይቀመጡና ይፈትሹ፦ እግርዎ የሚገፋው መርገጫ ያገኛል? ጀርባዎ ድጋፍ አለው? መቅዘፊያው የካያኩን ጎን ሳይመታ ውሃ ይደርሳል? አንዱ እንኳ ከጎደለ የማክሰኞው ጉዞ ቀርቷል ማለት ነው።

ልኩም ይህንኑ ይከተላል። ለአንድ ሰው የተሠራ የባሕር ካያክ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይሮጣል፣ ልጅ ግን አይጭንም። ለሁለቱም ሥራ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ይሻላል። ከዚህ የሰፋ ልጅን ያረጋጋል፣ ብቻውን የሚቀዝፈውን ግን ትከሻ ያደክማል። ክብደቱንም ከመክፈልዎ በፊት ብቻዎን አንስተው ይለኩት፤ 35 ኪሎ ሱቅ ውስጥ ቀላል ነው፣ ደክሞዎት ወደ መኪና ጣሪያ ሲያወጡት ግን ሌላ ነው።

የጭነት አቅሙን እንደተጻፈ አይውሰዱት። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ልክ የሚናገር ስለሆነ ከሦስት አራተኛው ባያልፉ ይመረጣል። አባት 80፣ እናት 65፣ ልጅ 20፣ ውሃና ምግብ 15 ቢሆኑ 180 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 240 የተጻፈበትን ይፈልጉ።

ያገለገለ ከሆነ የሚገዙት ዓይንዎን ያሹ። አናጢ ሳንቃ እንደሚያይ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ከጫፉ ወደ ጫፉ ይመልከቱ፤ ሆዱ የተጣመመ ካያክ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከዚያ ይገልብጡትና ኋላውን በጣት ይዳስሱ፤ አሸዋ ላይ ሲጎተት የኖረ እዚያ ጋ ሳስቷል። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ውስጣቸውን በባትሪ ይዩ። ጋሪ እዚያ ሰክተው የሚገፉት ሰዎች ስላሉ ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ እኔ የወደድኩትን ካያክ ገና ስንወዘውዘው ሆዱ ውስጥ ውሃ ተንቦጫረቀ። ባለቤቱ «ዝናብ ነው» አለኝ። ቡሽ ነቅለን በጣቴ ብቀምሰው ጨው ነበር። ትቼው ሄድኩ።

የመጨረሻው ፈተና ውሃ ውስጥ ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ ሆን ብለው ይውደቁና ተመልሰው ይውጡ፤ ባለቤትዎም ይሞክሩ። ጎኑን ይዘው ደረትዎን ሲያወጡበት የማይገለበጥ፣ የሚጨበጥ ማሰሪያም ያለው ካያክ ጥሩ ሥራ ነው። ፑጀት ሳውንድ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ለመማር ጊዜ አይሰጥም። የነፍስ አድን ጃኬትም አብሮ ይገዛል፤ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከ19 ጫማ ባጠረ ጀልባ ላይ ዕድሜው 12 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በጉዞ ላይ ሊለብሰው ግድ ነው። አዋቂም ቢለብስ የሚያፍርበት አይደለም።

ፍርዴን ልስጥ። ከአሥር ቀን ስምንቱን ብቻዎን የሚቀዝፉ ከሆነ ለአንድ ሰው የሚሆነውን ገዝተው፣ ቤተሰብ ሲወጣ ሰፊውን ይከራዩ። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ግን የመሃል መቀመጫ ያለውን ይውሰዱ። ያም ሆነ ይህ፣ ቀለሙን ከማየትዎ በፊት መሃሉ ላይ ይቀመጡ።