ጊታር ውስጥ ክራር አለ!

ጊታር ያላችሁ ሰዎች፣ አሁኑኑ አንሱት! ይህን ጽሑፍ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። አቧራውን ጥረጉለት፣ በስልካችሁ ቲዩነር በተለመደው መንገድ ቃኙት፣ ከዚያ ግራ እጃችሁን ከአንገቱ ላይ አንሱ። ምንም ሳትጫኑ ስድስቱን ክሮች ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ አንድ በአንድ ምቷቸው። የምትሰሟቸው ድምፆች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ እና እንደገና ኢ ናቸው። ሁለቱን ኢዎች እንደ አንድ ቁጠሯቸው። ስንት ቀረ? አምስት። እነዚያን አምስቱን ከጂ ጀምራችሁ ደርድሯቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ።

ትዝታ!

ትዝታ ሜጀር፣ ራሱ! የሚመስል አይደለም፤ የሚቀራረብም አይደለም። ክራርን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው በሠራው፣ በየትኛውም የዓለም ጥግ በሚሸጥ ጊታር ላይ፣ ማንም ጣቱን ሳያሳርፍበት፣ የእኛ ትዝታ ተዘርግቶ ቁጭ ብሏል። እኔ ይህን ያወቅኩ ዕለት ለጎረቤት ልንገር፣ ለዘበኛው ልንገር፣ ለማን ልንገር እያልኩ ቤት ውስጥ ስዞር ነበር። እናንተም ስለማታመልጡኝ ነው የምነግራችሁ።

እስቲ አንድ የጊታር ጀማሪ የሚሄድበትን መንገድ አስቡት። በመጀመሪያው ቀን የሲ ኮርድ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ጂ፣ ቀጥሎ ዲ። ከዚያ ያ አስፈሪው ኤፍ ይመጣል፤ አመልካች ጣትን እንደ መቀርቀሪያ አጋድሞ ስድስቱን ክር ባንድ ጊዜ መጫን! ጣቱ ይቆስላል፣ አንጓው ያመዋል፣ የሚወጣው ድምፅ ግን የታፈነ ነው። ይባስ ብሎ የሚለማመደው ዘፈን ጆሮው ያልለመደው የፈረንጅ ዘፈን ነው። ጊታሩ ቀስ በቀስ ወደ ቁም ሣጥን ጀርባ ይሸሻል። ይህ ሁሉ መከራ ከመጀመሩ በፊት ግን በዚያው መሣሪያ ላይ፣ ያውም ክሮቹን እንኳ ሳይጫን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ቅኝት ነበረ። የሚያሳየው ሰው ነው ያጣው።

ክራሩን ደግሞ ተመልከቱ። አብዛኛው ክራር ስድስት ክር አለው። አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የአንዱን ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይደግማል። ጊታሩስ? ስድስት ክር፣ አምስት ድምፅ፣ አንዱ ተደጋጋሚ! ልዩነቱ ሁለቱ ኢዎች በሁለት ኦክታቭ መራራቃቸውና ድምፆቹ በቅደም ተከተል ሳይሆን ተበታትነው መቀመጣቸው ነው። ቤቱ አንድ ነው፤ የዕቃው አቀማመጥ ነው የተለየው።

ይህ እንዴት ሆነ ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ከራሱ ከግኝቱ አያንስም። ጊታር ሲቃኝ ከአንዱ ክር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት አምስት ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍሉት ብረቶች) ነው። ስድስተኛውን፣ ማለትም ወፍራሙን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑት የአምስተኛውን ክር ድምፅ ይሰጣችኋል፤ አምስተኛው እዚያው ቦታ ላይ የአራተኛውን፣ አራተኛው የሦስተኛውን። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲደረስ ግን ሥርዓቱ ይሰበርና አራተኛው ፍሬት ላይ ይሆናል። ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ተመልሶ አምስት ነው። ጀማሪ ሁሉ «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» እያለ የሚያማርራት ጉድለት ይህቺ ናት። ሙዚቀኞቹ ያጎደሏት ኮርድ ለመያዝ እንዲመች ነው። አሁን ግን ጉድለቷን ሙሏትና እዩ! ሁለተኛው ክር ሲ፣ አንደኛው ኤፍ ይሆናሉ። ስድስት የተለያዩ ድምፆች ይወጣሉ፣ ኢ እና ኤፍ ጎን ለጎን ቆመው ይጋጫሉ፣ ትዝታው ይፈርሳል። ሁሉም የሚያማርራት አንዲት ፍሬት ናት ትዝታችንን ጠብቃ ያቆየችው!

እሺ፣ አሁን እንጫወት። ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ያዙ። ከግራ እጃችሁ የምትፈልጉት ሁለት ጣት ነው፦ የመሐል ጣት ለሁለተኛው ፍሬት፣ የቀለበት ጣት ለሦስተኛው። ሦስተኛውን ክር ሳትጫኑ ምቱት፤ ጂ። እዚያው ክር ላይ ሁለተኛውን ፍሬት በመሐል ጣት፤ ኤ። ሁለተኛውን ክር ሳትጫኑ፤ ቢ። እዚያው ሦስተኛውን ፍሬት በቀለበት ጣት፤ ዲ። አንደኛውን ክር ሳትጫኑ፤ ኢ። እዚያው ሦስተኛው ፍሬት፤ ከፍ ያለው ጂ። ስድስት ድምፅ፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ክር፤ ሙሉ ትዝታ ከነመደምደሚያው! ወጡበት፣ ውረዱበት። ከላይኛው ጂ ወደ ታች ስትመለሱ ደግሞ ቀስ በሉ። ቢ ላይ ትንሽ ቆዩ፣ ኤ ላይ አመንቱ፣ ጂ ላይ እረፉ። ሰውነታችሁን የሚወራችሁ ነገር ካለ፣ እሱ ነው።

ወፍራሞቹም ክሮች በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ። ስድስተኛው ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት፣ አምስተኛውና አራተኛው ላይ ሁለተኛው ፍሬት። እያንዳንዱ ክር ሳይጫኑት አንድ ድምፅ፣ ተጭነውት አንድ ድምፅ ይሰጣል። በጠቅላላው አሥራ ሁለት ድምፅ፣ ሁሉም ትዝታ፣ ሁሉም በእነዚያው ሁለት ጣቶች።

ይህ መንገድ ለጀማሪ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ደግሞ ሌላ ነው። ጆሯችሁ አስተማሪ ይሆናል። ባልለመዳችሁት ዘፈን ላይ ጣታችሁ ሲሳሳት ስሕተቱን የሚነግራችሁ ሰው ያስፈልጋል። ትዝታ ላይ ግን ጣታችሁ አንድ ፍሬት ቢስት ማንም ሳይናገር ፊታችሁ ይኮማተራል። ከሬዲዮ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከታክሲ ውስጥ፣ ከእናት እንጉርጉሮ የተጠራቀመ እውቀት ነዋ! ሙዚቃ አላውቅም የሚል ሰው እንኳ ይህን ያውቃል። በዚያ ላይ በትዝታ ሜጀር ውስጥ በአንድ ፍሬት ብቻ የሚራራቁ ጎረቤታሞች ስለሌሉ ድምፆቹ አይፋጁም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንደመጣላችሁ ብትነካኩ እንኳ የሚያስቀይም ነገር አይወጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን መስማት የሚወድ ጀማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው!

ገና አላለቀም። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከጂ ሳይሆን ከኢ ጀምራችሁ ኢ ላይ አሳርፏቸው፦ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። አራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ትነሱና አንደኛው ክር ላይ ሳትጫኑ ትጨርሳላችሁ። ምን ሆነ? ባቲ ማይነር! አንድም ድምፅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው። ዜማው ግን ከትዝታ ሰፈር ወጥቶ ሌላ አገር ገባ። መነሻና ማረፊያ ምን ያህል ጉልበት እንዳላቸው ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ገጽ ይልቅ ይህች ልምምድ ታስተምራለች።

ከዚያ ወደ አምባሰል። ከአራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ኢ ተነሡ፤ ሦስተኛው ፍሬት ኤፍ፤ ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ኤ፤ ሁለተኛው ክር ሳይጫኑ ቢ፤ እዚያው አንደኛው ፍሬት ሲ፤ አንደኛው ክር ሳይጫኑ ኢ። ከኢ ወደ ኤፍ ስትሻገሩ ያ የአምባሰል ምሬት ከሳጥኑ ሲወጣ ትሰማላችሁ። እነዚህኑ ከኤ ብትጀምሯቸው ደግሞ ትዝታ ማይነር ይሆኑላችኋል። ሁለት የጣት አቀማመጥ፣ አራት ቅኝት! አንቺ ሆዬን ግን ለኋላ አቆዩት። ድምፆቹ አንዴ ተጠጋግተው አንዴ ተራርቀው ስለሚዘሉ ጣትም ጆሮም እስኪበረታ ይጠብቃል።

ቀኝ እጅን አትርሱት። ስድስት ቁጠሩ፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። አንድ እና አራት ላይ በአውራ ጣት ወፍራሙን ክር፣ በቀሩት ላይ ቀጫጭኖቹን። እግራችሁ ሁለት ጊዜ ብቻ ይርገጥ። ስታፈጥኑት ትከሻ ማንቀሳቀስ ከጀመራችሁ ችክችካ ገብቷችኋል ማለት ነው። ከክራር ደርዳሪዎችም አንድ ብልሃት ስረቁ። ስድስቱንም ክር ባንድ ላይ ሲመቱ የማይፈልጉትን ክር በግራ እጃቸው ጣቶች አፍነው የሚፈልጉትን ብቻ ያስጮኹታል። ይህን ጊታር ላይ ሞክሩት። አላስፈላጊ ክር በግራ እጅ ማፈን የጎበዝ ጊታር ተጫዋች ሁሉ ምሥጢር ነው፤ ክራር ግን ከመጀመሪያው ቀን ያስተምረዋል።

ኮርድስ? እሱም ይመጣል፤ ያውም በቀላሉ። ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች ሳትወጡ የምታገኟቸው ሁለት ኮርዶች ኢ ማይነርና ጂ ሜጀር ናቸው። ኢ ማይነር አምስተኛውና አራተኛው ክር ላይ ሁለተኛውን ፍሬት በሁለት ጣት መያዝ ብቻ ነው። ጂን ደግሞ ለጊዜው በአንድ ጣት ውሰዱት፦ አንደኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ምቱ። እናንተ ኮርዱን ስትመቱ ጓደኛችሁ ያንጎራጉር። ኤፍ ቆይቶ ይድረስ፤ ማንም አልቸኮለም!

ድምፃችሁ ከጂ ጋር ካልሄደ ካፖ የሚባለውን መቆንጠጫ ግዙ። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስታስሩት ትዝታው ወደ ኤ፣ አምስተኛው ላይ ወደ ሲ ይወጣል። ጣታችሁ ያው፣ አቀማመጡ ያው። የክራር ተጫዋች ለዘፋኙ ድምፅ ብሎ ስድስቱን ክር አንድ በአንድ የሚቃኘውን እናንተ በአንድ ቁንጠጣ ትጨርሱታላችሁ።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ለስላሳ ጣት ያለው ጀማሪ ከብረት ክር ይልቅ ናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር ይቀለዋል። አሮጌ ስትገዙ አንገቱ እንዳልተጣመመና ክሮቹ ከእንጨቱ በጣም እንዳልራቁ እዩ፤ የራቀ ክር ጣት ይገድላል። ጣታችሁን ከፍሬቱ ብረት ኋላ ጠጋ አድርጋችሁ በጫፉ ተጫኑ፤ መሐል ላይ ከሆነ ዝዝ ይላል። የግራ እጅ ጥፍር ይቆረጥ። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመታገል በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበልጣል፤ የጣት ጫፍ የሚደድረው በመደጋገም ነው።

አድናቆቴ ዓይኔን አልጋረደውም። ጊታር በፍሬት የተከፋፈለ መሣሪያ ነው፤ ዘፋኞቻችን በሁለት ፍሬት መካከል የሚያንሸራትቷትን፣ የሚያንቀጠቅጧትን ድምፅ በቀጥታ አይሰጥም። ስለዚህ ተጭናችሁ ከያዛችሁት ፍሬት ወደ ቀጣዩ ጣታችሁን ሳታነሡ አንሸራቱ፤ ክሩንም ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። ይህን ከማን ትማራላችሁ? የካሳ ተሰማን፣ የአስናቀች ወርቁን፣ የሜሪ አርምዴን ክራር ስሙ፤ የሰማችሁትን ሐረግ በእነዚያው ሁለት ጣቶች ፈልጉት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአይቤክስ፣ በኋላም ከሮሃ ባንድ ጋር ሊድ ጊታር ወደተጫወተው ወደ ሰላም ሥዩም እለፉ። የእኛ ቅኝት በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ምን ያህል እንደሚናገር ያኔ ታያላችሁ።

የጊታር አስተማሪዎች፣ እባካችሁ! የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከኮርድ ሠንጠረዥ አትጀምሩት። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ ልጁ ጊታሩን ይዞ ፊታችሁ ሲቀመጥ «ምንም ሳትጫን ምታው» በሉት፤ ከዚያ ከጂ ጀምሮ እንዲደረድር አድርጉት። ወላጆች፣ ውጭ አገር ተወልዶ ክራር አጠገብ ያልደረሰ ልጅ ካላችሁና ትምህርት ቤቱ ጊታር ካስያዘው፣ ትዝታን ለማሳየት መሣሪያ መቀየር አያስፈልጋችሁም። እናንተም ብትሆኑ ዕድሜያችሁን ሰበብ አታድርጉ። ሁለት ጣት የሌለው ማን አለ? በሉ፣ ሦስተኛው ክር፣ ሳትጫኑ፦ ጂ። ቀጥሉ!