አሥራ ዘጠኝ ክር

ገመዱ ግማሽ ሜትር ነው። ነጭ ነው። ከነሽፋኑ ሲለካ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትርን በጥቂቱ ያልፋል። ሰዎች በየጓሯቸው የሚሠሯቸው ቀላል አውሮፕላኖች ሬዲዮናቸውንና ትንንሽ መብራታቸውን የሚያገናኙት በዚህ ነው። መጠሪያው 22 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል። አንድ ወዳጄ ከውጭ ሲመጣ ቁራጩን ሻንጣው ኪስ ውስጥ ጠቅልሎ አመጣልኝ። እኔም ይዤው ኮልፌ ቀራኒዮ ሄድኩ፤ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን። አየር ጤና ስሙ እንጂ አውሮፕላን አያርፍበትም።

ጋሼ በዚያን ዕለት የአንዲት ቮልስ የኋላ ክዳን ከፍተው አሮጌ ሽቦዋን እየለወጡ ነበር። የቮልስ ሞተር ለእኔ ሌላ ትርጉም አለው። አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ የሠራት ኬ-570ኤ የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ሞተሯ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ነበር። «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ 570 ሥራው የፈጀበት ቀን ብዛት። ወሬዋ ከአገር አልፎ ሲሄድ ስለ ሞተሩ ተጻፈ፣ ከሞተር ሳይክል ስለተወሰዱት ጎማዎችም ተጻፈ። ስለ ሽቦው የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን ያስረከበችን «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላንም ብትሆን የሚወራላት ክንፏ ነው።

ጋሼ ቁራጩን በጣታቸው መሐል አንከባለሉት። ከመርካቶ የገዛሁትን ተራ የመኪና ገመድ፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩን፣ አጠገቡ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ያዩት ሽፋኑን ነው። የመርካቶው ወፍራም ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የነጩ ስስ ነው፣ ግን ጥፍር አያስገባም። ተራው የፕላስቲክ ሽፋን ቢበዛ 105 ዲግሪ ሙቀት ይችላል፤ ብዙው ከዚያም በታች ነው። ይሄኛው 150 ይችላል። ሞተሩ ከአብራሪው እግር ፊት ለፊት ለሚቀመጥበት አውሮፕላን ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ከዚያ መላጥ። ፒንሳ አላነሡም። ምላጭ ይዘው ገመዱን በአውራ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አንድ ዙር አዞሩት፤ ምላጩ ሽፋኑን ጫረ እንጂ አልበጠሰውም። ጎንበስ አድርገው አጠፉት፣ በጫረበት ተሰነጠቀ። ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ሳቡለት። ክሮቹ ላይ አንድም ጭረት የለም። ይህን የሚያደርጉት ለውበት አይደለም፤ የተጫረ ክር ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው።

በመርፌ ጫፍ ዘረጉትና ቆጠርን። መሐል ላይ አንድ። በዙሪያው ስድስት። በነሱ ዙሪያ አሥራ ሁለት። ድምሩ አሥራ ዘጠኝ። እንደ ሰፌድ እምብርት ነው፤ አንዱ ከሌለ ሌሎቹ የሚደገፉበት አያገኙም። እኩል ውፍረት ያላቸው ክሮች በአንዱ ዙሪያ ሳይላሉና ሳይጣበቡ የሚቆሙት ስድስት ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ከስድስቱ ውጭ ደግሞ አሥራ ሁለት። እያንዳንዱ ክር በቆርቆሮ ተለብጦ ብርማ ሆኗል፣ መዳቡ እንዳይጠቁር። የመርካቶው ገመድ ክሮች ቀያዮች ናቸው፣ እንደ ተፈታ ፀጉር ወደየፊናቸው ሄዱ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ነጠላ መዳብ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጭራሹን አይታሰብም። ሞተር ባለበት ቦታ ነጠላው ቶሎ ይደክማል።

ጫፉ የሚገባበት ተርሚናል ቀለበት ነው፣ አንገቱ ቀይ ፕላስቲክ። ሹካ መሰሉም ይሸጣል፣ ለመግጠምም ይቀላል። ግን ብሎኑ ሲላላ ሹካ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ቀለበት ባለበት ይቆያል። ጋሼ ሁለት ዓይነት መጭመቂያ አላቸው። አንዱ እንደ ተራ ፒንሳ ነው፣ ጉልበቱ ከእጅ ነው። ሁለተኛው ጥርስ አለው፤ መንጋጋው እስከ መጨረሻው ካልገጠመ አይለቅም። አንዱን ተርሚናል በሁለት ቦታ ነው የሚይዘው። ፊተኛው መዳቡን ይነክሳል። ኋለኛው ሽፋኑን ያቅፋል፣ ሳይጎዳ። መዳቡን የነከሰው ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፣ ሽፋኑን ያቀፈው ንዝረቱን ይቀበላል።

«ጋሼ፣ በሊድ ቢያጣብቁት አይጠነክርም?»

«ይጠነክራል እንጂ። ችግሩ እሱ አይደል።»

ሊዱ ሲቀልጥ በክሮቹ መሐል ሽቅብ ይሳባል፣ ሽፋኑ ሥር ገብቶ ያልቃል። ያለቀበት ቦታ ላይ ግትሩና ልሉ ይገናኛሉ። የሚሰበረው እዚያ ነው፣ ያውም ሽፋኑ ሥር፣ ዓይን በማያይበት። አውሮፕላን ውስጥ ሊድ ጨርሶ አይነካም ማለቴ አይደለም፤ ከተነካ ከጀርባው ያለው ገመድ መታቀፍ አለበት።

ቮልሷ ላይ እያንዳንዱ መብራት የሚመጣለት አንድ ገመድ ነው። መመለሻው ቦዲው ነው፤ ጋሼ «ማሳ» ይሉታል። በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ አውሮፕላን ማሳ የለውም። እንጨት ኤሌክትሪክ አይመልስም። ስለዚህ ከክንፍ ጫፍ መብራት ለሄደው ገመድ ሁሉ የሚመለስ ጓደኛ ይሠራለታል። የገመዱ ርዝመት በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል፣ ክብደቱም አብሮ። ነጩ ገመድ ዋጋው የሚታየው ያን ጊዜ ነው፦ የባለ 1.5ቱ መዳብ ብቻውን በሜትር 13 ግራም ይመዝናል፤ የ22 ቁጥሩ 4 ግራም አይሞላም።

የቮልስ ካንዴላ እሳት የሚያገኘው ከባትሪ በቦቢና በኩል ነው። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ሞተሩም ይሞታል። ለአውሮፕላን ሲለወጥ ብዙዎች ማግኔቶ ይገጥሙለታል፤ ማግኔቶ በሞተሩ ዙር የራሱን እሳት ያመነጫል፣ ባትሪ አይለምንም። ማጥፊያውም የተገላቢጦሽ ነው። ሞተሩን ለማጥፋት ገመዱ ከራሱ ከሞተሩ አካል ጋር ይገናኛል። ያ ገመድ ቢበጠስ ሞተሩ አይጠፋም፤ ቁልፉ «ጠፍቷል» እያለ ፕሮፔለሩ በእጅ ቢነካ ሊነሣ ይችላል። ከሽቦዎቹ ሁሉ ለየትኛው የበለጠ መጠንቀቅ እንዳለብኝ ብጠየቅ ለዚህኛው ነው።

የቀረው ማሰር ነው። ጥሩ ሠሪ ገመዶቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ አያንቅም። ሰም የተቀባ ክር ይጠቀማል። በመዳፍ ሲይዙት ያልተለኮሰ ጧፍ ነው፣ ትንሽ የሚያጣብቅ። ክሩ ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል፣ በራሱ ሥር ያልፋል፣ ላዩ ላይ ድርብ ቋጠሮ። ሰሙ ቋጠሮውን ከመንሸራተት ይይዘዋል። በሁለት መያዣዎች መሐል ገመዱ በእጅ ሲጫኑት ከ12 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ይርገብ ይባላል። ገትረው ካሰሩት ጫፉን ይስባል፣ ካላሉት ይፋተጋል። የነዳጅ ቱቦ ባለበት ገመድ ከላይ ያልፋል፣ ቱቦው ከሥር፤ የሚንጠባጠብ ነገር ወደ ታች ስለሚወርድ።

ለ22 ቁጥር ጫፍ የሚጠየቀው መስፈርት ወደ 7 ኪሎ የሚጠጋ መሳብ መቻል ነው። ሚዛን ስላልነበረን ጀሪካን ውስጥ 7 ሊትር ውሃ ለካን። መጀመሪያ የእኔን ሰቀልን፤ በተራው ፒንሳ፣ በሙሉ ጉልበቴ የጨመቅሁትን። ጀሪካኑ ከመሬት እንደተነሣ ገመዱ ከተርሚናሉ ሾልኮ ወጣ፣ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ጋሼ አልሳቁም። ጀሪካኑን እንደገና ሞልተው የራሳቸውን በጣሪያው ብረት ላይ ሰቀሉትና ወደ ቮልሷ ተመለሱ። ሱቁ ሲዘጋ እዚያው ተንጠልጥሎ ነበር።