ምስሉ የሚያሳየው፣ መዶሻው የሚነግረው፦ የሞተር ኒውሮን በሽታ የአንጎል ምስል ጥናቶች ሲመዘኑ

የሞተር ኒውሮን በሽታ ጡንቻን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት በአንጎልም በሕብለ ሰረሰርም እያጠፋ የሚሄድ ሕመም ነው። እጅ ይሰላል፤ እግር ይከብዳል፤ ንግግር ይጎተታል፤ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅታል። ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለው ዋነኛው ዓይነት የያዛቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ምልክቱ ከታየ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታሉ፤ የሚያድን መድኃኒትም እስካሁን አልተገኘም። በሽታውን ቀደም ብሎ የሚለይና ሂደቱን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ ፍለጋ ተመራማሪዎችን ወደ አንጎል ምስል የመራቸውም ይኸው ነው። የተገኘው ውጤት የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ውጤቱ ለማን እንደሚያገለግልና ለማን ገና እንዳልደረሰ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በተለይም በአዊ ዞን እንደ ጥርባ ባለ አካባቢ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ።

የጥናቶቹ መሠረት ቀላል ሐሳብ ነው። በጤናማ የነርቭ መስመር ውስጥ ውሃ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው የመስመሩን አቅጣጫ ተከትሎ ነው። ክሮቹ ሲሞቱ ይህ ሥርዓት ይላላል፤ ልዩ የኤም.አር.አይ. ስልትም መላላቱን በቁጥር ይገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ ስልት ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርደው የእንቅስቃሴ መስመር በኤ.ኤል.ኤስ. ሕሙማን ላይ መጎዳቱ በሕይወት ሳሉ ታየ። በ2013 የ76 ሟቾችን አንጎል የመረመሩ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ቲዲፒ-43 የተባለው ፕሮቲን ክምችት በ4 ደረጃዎች እንደሚዛመት ገለጹ። በ2014 የጀርመን ተመራማሪዎች ይህንኑ ቅደም ተከተል በኤም.አር.አይ. ለመከተል ሞከሩ። በ2016 ደግሞ ከ8 የምርምር ማዕከላት የተሰበሰበ የ253 ሕሙማንና የ189 ጤናማ ሰዎች ምስል በአንድነት ተተንትኖ የእንቅስቃሴ መስመሩ ጉዳት በግልጽ ታየ።

የእነዚህ ሥራዎች ብርታት ሊካድ አይገባም። ቀድሞ ከሞት በኋላ ብቻ ይታይ የነበረውን ጉዳት በሕይወት ባለ ሰው ላይ አሳይተዋል። በሽታው በእንቅስቃሴ መስመር ብቻ ሳይወሰን ወደ ሌሎች የአንጎል ክፍሎች እንደሚዘልቅም አረጋግጠዋል። የማዕከላት መተባበርም በጥቂት ሕሙማን ላይ ብቻ የተመሠረተ ድምዳሜን ለመፈተን በር ከፍቷል።

ድክመታቸው ግን ከብርታታቸው ጋር አብሮ መነገር አለበት። አንደኛ፣ ልዩነቱ የቡድን ነው። የሕሙማን አማካይ ቁጥር ከጤናማዎቹ አማካይ ያነሰ መሆኑ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ፍርድ ለመስጠት አያበቃም፤ የሁለቱ ቡድኖች ቁጥሮች በከፊል ይደራረባሉና። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በጀርባው መተኛት የሚችለው ትንፋሹ ገና ያልደከመ ሕመምተኛ ነው። በመሆኑም ሕመሙ የጠናበት ሰው ከጥናቱ ይቀራል፤ የበሽታው መጨረሻም ሳይታይ ያልፋል። ሦስተኛ፣ የአንጎል ምስል የሚያሳየው የበሽታውን የላይኛውን ግማሽ ነው፤ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት የታችኛዎቹ ሕዋሳት ሞት በአንጎል ምስል አይነበብም። አራተኛና ዋነኛው፣ በጥናቶቹ ውስጥ ሕመምተኛውን ሕመምተኛ ያሰኘው የሐኪሙ ምርመራ ነው። ምስሉ አስቀድሞ በመዶሻና በዓይን የተለየውን ሰው ተከትሎ የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ከመዶሻው እንደሚቀድም አድርጎ ማቅረብ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው።

ይህ ትችት ከሙያ ማኅበራት አቋም የራቀ አይደለም። የአውሮፓ ኒውሮሎጂ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2010 ባወጣው መመሪያ የተለመደው ኤም.አር.አይ. ዋና አገልግሎት ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች በሽታዎችን ማስወገድ መሆኑን አመልክቷል። በ2020 የታተመው የጎልድ ኮስት የምርመራ መስፈርትም ቢሆን የላይኛውን ሞተር ኒውሮን ጉዳት የሚለየው በአካል ምርመራ ነው። ለአዊ ባለሙያ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እግሩ ግትር የሆነበት ሰው አንገቱ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ሊኖርበት ይችላል። እነዚህ የሚታከሙ ናቸው። ስለሆነም ቤተሰቡ ከብቱን ሸጦ ለአንድ ምስል ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካገኘ፣ ቅድሚያ የሚገባው የነርቭ መስመርን መላላት ለሚለካ ረቂቅ ሥራ ሳይሆን የሚታከመውን ምክንያት ለሚፈልገው ምስል ነው፤ ምልክቱ የሚያመለክትም ከሆነ አንጎል ሳይሆን አንገት ወይም ጀርባ ይነሣ።

የአገሪቱ የራሷ ልምድም ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን ያካተተ የቤት ለቤት ጥናት አካሂደው፣ የሞተር ኒውሮን በሽታ ከ100,000 ሰዎች በ5ቱ ላይ እንደሚገኝ ገምተዋል። ይህም በተጠናው ሕዝብ ውስጥ ሲሰላ ወደ 3 ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች የተገኙት በመጠይቅና በኒውሮሎጂ ምርመራ እንጂ በማሽን አልነበረም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሊደመደምበት አይገባም፤ ነገር ግን በሽታው በገጠር ኢትዮጵያ መኖሩንና ሠልጥኖ የሚጠይቅ ሰው ካለ ሊገኝ መቻሉን ያሳያል።

በአማራ ክልል ሌላም ነገር አለ። በደንቢያና በፎገራ፣ በኋላም በወሎ ደላንታ፣ ጓያን አብዝቶ በመመገብ የሚመጣው የእግር ሽባነት የላይኛውን ሞተር ኒውሮን የሚጎዳ በሽታ ነው። እግሮች ይገትራሉ፣ ሲራመዱ ይጣመራሉ፤ የቆዳ ስሜት ግን አይጠፋም። ከኤ.ኤል.ኤስ. የሚለየው አንድ ጊዜ ከሰበረ በኋላ በአብዛኛው እየባሰ ባለመሄዱ ነው። ይህን ልዩነት ጥያቄና የጊዜ ክትትል ይለየዋል። ሁለቱን ማምታታት ግን ለአንዱ የማይገባውን የሞት ፍርድ መንገር፣ ለሌላው ደግሞ የማይገባውን ተስፋ መስጠት ይሆናል። ለምስል ምርምርም ቢሆን ይህ ሰፊ መስክ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጎድቶ የቆመና እየተጎዳ የሚሄድ መስመር ጎን ለጎን ቢታዩ፣ ቁጥሩ የሚለካው ጠባሳን ይሁን ሂደትን ለማወቅ ይረዳል።

እንግዲህ ከጥናቶቹ የሚጠበቀው ሕመምተኛን በተደጋጋሚ መከተል፣ ከጤናማ ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከተመሳሳይ በሽታዎች ጋር ማነጻጸር፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ውጭ ያለውንም ሕመምተኛ ማካተት ነው። ከጤና ጣቢያው የሚጠበቀው ደግሞ በእጅ ያለ ሥራ ነው። ከጥርባ ወደ ኢንጅባራ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው የሪፈር ወረቀት ላይ ምልክቱ የጀመረበት ወርና አካል፣ የጡንቻ መሟሸሽና መርገብገብ መኖሩ፣ የሪፍሌክስ መጠን፣ የቆዳ ስሜት፣ የሽንት ሁኔታ፣ የመዋጥና የመተንፈስ ችግር፣ የጓያ አመጋገብ ታሪክም በግልጽ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበት ሕመምተኛ በጥሩ ማሽን ሥር ቢያልፍም፣ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ አያውቅም።