አረንጓዴውን ፖም ማሳረፍ

ደብረ ብርሃን ላይ ኮምጣጣውን አረንጓዴ ፖም በጓሮ ማሳደግ ከባድ አይደለም። ውኃ የማይተኛበት ቦታና በቂ ፍግ ካገኘ ችግኙ በደንብ ይይዛል፤ በዓመት ውስጥም ቁመቱ ያስደስታል። የሚከብደው ማሳረፉ ነው። ዛፉ ለምልሞ ፍሬ ሲከለክል ብዙ ሰው አፈሩን ወይም ችግኙን ይወቅሳል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ዛፉ መቼ እንዳረፈ ነው።

ግራኒ ስሚዝ የሚባለው ይህ ዝርያ የተገኘው በ1868 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲድኒ አጠገብ፣ ኢስትውድ ውስጥ ነው። ማሪያ አን ስሚዝ የተባሉ አዛውንት በእርሻቸው ላይ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ዛፍ አግኝተው ተንከባከቡት። የፖም ዘር ቢዘሩት እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ ዛሬ በየአገሩ ያለው ግራኒ ስሚዝ ሁሉ ከዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተወሰደ በሌላ ሥር ላይ እየተዳቀለ የተባዛ ነው። ወደ እኛም የሚደርሰው እንዲሁ ተዳቅሎ ነው። ሚሲዮናውያን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ፖምን ወደ ጋሞ ደጋ ካስገቡ ወዲህ ጨንቻ በችግኝ የታወቀች ሆናለች።

ይህ ዛፍ ሥሩን የትም ቢተክል ዕረፍቱን ለመጨረስ ብርዱን ይፈልጋል። እምቡጦቹ እኩል እንዲነቁ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ያስፈልጉታል። የደብረ ብርሃን ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ ነገር ግን ሌሊቱ የሰጠውን የቀትር ፀሐይ መልሶ ይወስዳል። ቅጠሉ አይረግፍም። አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ገና ተኝቷል፤ መሐሉ ላይ ምንም የማይወጣበት ባዶ እንጨት ይቀራል። አበባው ሲበታተን ደግሞ ንቦች ከጎረቤቱ ዝርያ ብናኝ የሚያመጡበት ቀን አይገጥምም። ግራኒ ስሚዝ ለብቻውም ጥቂት ያፈራል፤ አብሮት የሚያብብ ሌላ ዝርያ በአጠገቡ ሲኖር ግን ፍሬው ይበዛል።

ስለዚህ ዕረፍቱን የምሰጠው እኔ ነኝ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውኃ እነሳዋለሁ። ወደ ላይ የቆሙትን ለጋ ቅርንጫፎች በገመድ ወደ ጎን አጎነብሳለሁ፤ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ሁሉ ለጫፉ ይሰጣል፣ የተጋደመው ግን በጎኑ ያሉትን እምቡጦች ያነቃል። ታኅሣሥ ሲገባደድ ቅጠሉን አረግፋለሁ። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት፣ ባቱ በተባለው ደጋ፣ ገበሬዎች ከለቀማ በኋላ ቅጠሉን በእጅ እያራገፉ ከአንድ ዛፍ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። ቅጠሉ እያለ እምቡጡ ታፍኖ ይቆያል፤ ቅጠሉ ሲነሳ ይለቀቃል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ የተቀመጠው ቅጠሉ ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ነው፤ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም፣ በቀጭን ጸጉር ተሸፍኗል። ቅጠሉን ጎትቶ የሚነቅል ሰው እምቡጡን ከነልጡ ይዞት ይመጣል። እኔ በመቀስ ቅጠሉን ቆርጬ እጀታውን እንጨቱ ላይ እተወዋለሁ፤ ደርቆ በራሱ ይወድቃል። ከታች ወደ ላይ እየሄድኩ አንድም ቅጠል አላስቀርም፤ የተረሳ ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራልና። ከዚያ ውኃውን እስከ ሥሩ ጥልቀት አጠጣለሁ።

ቀኑን መምረጥም የሙያው አካል ነው። ቅጠሉ ቀድሞ ከረገፈ አበባው ውርጭ ላይ ይወድቃል። የፈካ የፖም አበባ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሞት ይጀምራል፤ መሐሉ ከጠቆረ ያ አበባ ፍሬ አይሆንም። ስለዚህ ሰማዩን፣ የንጋቱን ሣርና የጎረቤትን ባቄላ አይቼ ነው መቀሱን የማነሳው።

ፍሬው ከያዘ በኋላ ከየዘለላው አንድ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አሳሳለሁ። ከአበባ እስከ ለቀማ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር መድረሱን ከውጭ ማወቅ አይቻልም፤ አንዱን ለሁለት ሰንጥቄ ዘሩ መጥቆሩን አያለሁ። ኮምጣጣነቱን የሚሰጠው ማሊክ አሲድ በሙቀት ቶሎ ያልቃል፤ የደጋው ቅዝቃዜ ይጠብቀዋል። ቆላ ወርዶ ከሚበቅል ፖም ይልቅ የእኛው ጥርስ የሚያነቃው ለዚህ ነው።

ችግኝ ከየት እንደሚገኝ ለሚጠይቁኝ ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ግን አስቀድሜ በታኅሣሥ መጨረሻ ቤት የሚውል ሰው እንዳላቸው እጠይቃለሁ። ካላቸው ሁለት ዝርያ ይትከሉ። ከሌላቸው ጌሾ ይሻላቸዋል።