ጥሩ ወጌሻ በምን ይታወቃል?

ጉለሌ እግር የሚፈተንበት ሰፈር ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ጫፍ ሲወጣ ከፍታው ከባሕር ወለል 3 ሺህ ሜትር ያልፋል። ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች፣ ማለዳ የሚለማመዱት ሯጮች፣ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚራመደው ከተሜ፣ ሁሉም ቁርጭምጭሚቱንና ጉልበቱን ለዚሁ ቁልቁለት ያበድራል። እግሩ ወለም ያለው ሰው የሰፈር ወጌሻ ዘንድ፣ ማሳጅ ቤት ወይም ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይሄዳል። የትም ይሂድ፣ ያሸውን እጅ የሚያመሰግነው «ጠንካራ ነው፣ አሳምሞ ነው የሚያሸው» ወይም «ወዲያው ቀለል አለኝ» እያለ ነው። ሁለቱም ሚዛኖች ያታልላሉ ባይ ነኝ። የተጎዳ እግር ላይ የሚሠራ እጅ መመዘን ያለበት ሊነካው እምቢ ባለው ነገርና ከእሽቱ በኋላ እግሩ መሥራት በቻለው ሥራ ነው።

እምቢታው ይቅደም። ጥሩ ወጌሻ ቅቤውን ከማቅለጡ በፊት ይጠይቃል፤ እግሩ ወደየት ታጠፈ? እንደተጎዳህ መራመድ ችለህ ነበር? አሁንስ? ጥያቄው ለወግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የካናዳው ሐኪም ኢያን ስቲልና ባልደረቦቹ ያወጡት የኦታዋ መመሪያ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያመመው ሰው ሲጎዳም ሲመረመርም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ከውስጥና ከውጭ ጎልተው ከሚታዩት ሁለት አጥንቶች የአንዱ ጫፍ፣ ወይም ከጫፉ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለው የኋላ ጠርዙ ሲጫኑት ካመመው፣ ራጅ ያስፈልገዋል። ለዚህ መሣሪያ አያሻም፣ አውራ ጣት ይበቃል። ስለዚህ የወጌሻው ጣት መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ያበጠው ሥጋ ላይ ካረፈ ገና ምንም አልፈተሸም። የአጥንቱን ጠርዝ ተከትሎ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብሎ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም ልጄ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ሄደህ ራጅ ተነሣ» ካለ፣ ከእሽቱ ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ሠርቷል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትኩስ እብጠትን ማሸት የሚፈሰውን ደም ማባባስ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ በጉልበት የተመታ ታፋ ቶሎ ከታሸ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። ከጀሶ የወጣ ወይም ብዙ ቀን የተኛ ሰው አንድ ባቱ ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመው ደግሞ በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስብራትን በቀርከሃ ጠፍሮ ማሰርማ የአገራችን ቀዶ ሐኪሞች ለዓመታት ሲጮኹበት የኖሩት ጣጣ ነው፤ ጣቶቹ ደንዝዘውና ጠቁረው ሆስፒታል የደረሰ እግር ብዙ ጊዜ መጨረሻው መቆረጥ ነው።

ማሸት የሚገባው እግር ከሆነ፣ አዋቂ እጅ ከደህናው እግር ይጀምራል። የሰው ባት እንደ ሰዉ ይለያያል፤ የተጎዳው መጠንከሩ ወይም መላላቱ የሚታወቀው ከጓደኛው ጋር ሲተያይ ነው። ቀጥሎ ይለካል። ታካሚው ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሣ፣ ጉልበቱን አጥፎ ግድግዳውን ያስነካል፤ ይህን እያደረገ የእግሩ አውራ ጣት ከግድግዳው ስንት ጣት ሊርቅ እንደቻለ ይታያል። ከእሽቱ በፊት ሦስት ጣት የነበረው ርቀት በኋላ አራት ከሆነ እጁ አንድ ነገር ሠርቷል። ካልተለወጠ ላብ ብቻ ነው የፈሰሰው። ለጋ ቅቤ ይሁን ቫዝሊን ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ቅባት እጅን ያንሸራትታል፣ የሚያቃጥለውም ሕመሙን ያዘናጋል እንጂ ጅማት አይቀጥልም።

እሽት ምን ያህል ይሠራል ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የሼፊልድ ተመራማሪዎች 1,012 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 29 ጥናቶች አንድ ላይ መዝነው ነበር። እሽት የጡንቻ ኃይልን፣ ሩጫን ወይም ጽናትን እንደሚያሻሽል ማስረጃ አላገኙም፤ ያገኙት በመተጣጠፍና ከከባድ ሥራ ማግሥት በሚመጣው የጡንቻ ሕመም ላይ ትንሽ ለውጥ ነው። በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ የ11 ወጣቶችን ታፋ ከእሽት በኋላ በናሙና መርምሮ፣ የብግነት ምልክቶች መቀነሳቸውን፣ ላክቲክ አሲዱ ግን እንዳልተነካ አሳይቷል። ስለዚህ «የተጠራቀመውን አሲድ አወጣሁልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እጁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ወሬውን ግን ተዉት። የቆየ የተረከዝ ጅማት ሕመምን በተመለከተ ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው ጥናት የታወቀ ነው። 15 ሰዎች ለ12 ሳምንት በየቀኑ ተረከዛቸውን ከደረጃ ጠርዝ ቀስ አድርገው እያወረዱ ወደ ሩጫ ተመለሱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጅማትን የሚያጠነክረው ሸክም መሆኑን ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ይደግፋሉ። እሽት ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያላላል፤ በዚያ ሰዓት እግሩን ማሠራት ነው ቁም ነገሩ። ምን እንደምትሠሩ ሳይነግር የሚሸኝ እጅ ግማሹን ሥራ ትቷል።

ወጌሻ ስንቱን እንዳዳነ እያየን ይህ ሁሉ ፍተሻ ለምን? የሚል ይኖራል። አብዛኛው ወለምታ ግን ቢታሽም ባይታሽም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ምስጋናው ለነካው ሰው ይሄዳል። ያልዳነው ደግሞ ወደ ወጌሻው አይመለስም፤ ሆስፒታል ይሄዳልና ወጌሻው ጥፋቱን ሳያይ ይቀራል። ይህን ስል ሙያውን ማናናቄ አይደለም። የሰፈር ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ጊዜ ይሰጣል፣ ብዙ ቁርጭምጭሚት የዳሰሰ ጣቱም ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት አለው፤ የእግር ኳስ ክለቦቻችንም የሕክምና ባለሙያቸውን እስካሁን በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት። «ካላመመ አይሽርም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ከልክ በላይ ሲያሳምሙት ጡንቻ ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፤ የሚያሸውም ያን ጊዜ የሚታገለው ራሱ ካመጣው ግትርነት ጋር ነው። ታካሚው ትንፋሹን ከያዘ ወይም ጥርሱን ከነከሰ እጁ ሊላላ ይገባል፤ ያልላላ እጅ እየሰማ አይደለም።

የመጨረሻው መመዘኛ ቀጠሮው ነው። በተጎዳው እግር ብቻ ቆሞ ተረከዙን በደህናው ልክ ደጋግሞ ማንሳት የቻለን ሰው ጥሩ ወጌሻ «በቃህ፣ እንግዲህ ተራመድ» ብሎ ያሰናብተዋል። በሦስት አራት ጊዜ እሽት ምንም ለውጥ ካላየም በቅባት ላይ ቅባት አይጨምርም፤ ወደ ሐኪም ይልካል።