ካርቶኑን ፈተሽን፤ ውሉንስ?
ከሻሸመኔ ወጣ ብሎ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ አለ። እዚያ የምትማሩ ከሆነ አንድ ቀን የዛፍ ዘር ውጭ አገር ላለ ቤተ ሙከራ መላክ ትፈልጉ ይሆናል። ዝም ብሎ ፖስታ ቤት መሄድ ግን የለም! አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ጉምሩክም መፈተሽ አለበት።

ጥሩ ሕግ ነው። ቅሬታዬ ጥበቃው በር ላይ መብዛቱ ነው። የጤፍን ነገር እዩት፦ ጤፋችን በድብቅ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሞ ነበር። ኩባንያው በ2007 በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሰረ። ውሉ አብሮት ሞተ፣ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን የሻረው በ2018 ነው፤ ያውም በሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ጠብ እንጂ በእኛ ክስ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ የዘሩ ዲኤንኤ ተነቦ በኢሜይል ይሄዳል። ይሄን የትኛው ጉምሩክ ይፈትሸው?

እና ፈቃዱን ስትጠይቁ የናሙና ስምምነቱንም አንብቡት። ፓተንት ማን ያወጣል፣ ዳታው የት ይቀመጣል የሚል አንቀጽ ከሌለው ሳትፈርሙ አስጨምሩ።