አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ፦ ስለ «ግድያ በቄሱ ቤት»

ለዛሬ የመረጥኩላችሁ መጽሐፍ እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ በ1930 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ነው። ርዕሱን «ግድያ በቄሱ ቤት» ብዬ መልሼዋለሁ። ሚስ ማርፕል የሚባሉት አሮጊት በረዥም ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት በዚህ መጽሐፍ ሲሆን፣ ደራሲዋ እሳቸውን ይዛ በጠቅላላው 12 ልብ ወለዶች ጽፋለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ ኮሎኔል ፕሮዘሮ የተባሉ ባለጠጋ በቄሱ የንባብ ክፍል በጥይት ተመተው ሞተው ይገኛሉ። ሰውየውን የሚወድ የለም። ተራኪው ቄስ እንኳ ምሳ ላይ ሆነው፣ እሳቸውን የሚገድል ሰው ለዓለም ውለታ ይውላል የሚል ቃል አምልጧቸዋል። ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ስላክ ነው። እውነቱን የሚያወጡት ግን ጎረቤቲቱ ሚስ ማርፕል ናቸው። ሥልጣን የላቸውም፣ ደመወዝም የላቸውም። ያላቸው የአትክልት ቦታቸው፣ ዓይናቸውና የመንደሩን ሰው ጠባይ ለዓመታት ያጠራቀመ ትዝታቸው ነው።

ለኔ የመጽሐፉ ምርጥ ነገር ሰዓቱ ነው። በክፍሉ ያለው ሰዓት፣ ቄሱ ቀጠሮ እንዳያረፍዱ ተብሎ፣ ሁልጊዜ 15 ደቂቃ ወደፊት ይሄዳል። በግድያው ዕለት ተገልብጦ ቆሞ ይገኛል። ኢንስፔክተሩ የቆመበትን አይቶ ይቀበላል። ቄሱ ሊነግሩት ሲሞክሩ ያቋርጣቸዋል። የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር፣ ጠያቂው ስለቸኮለ ብቻ ሳይሰማ ይቀራል። ስደተኛ አንባቢ ይህን ገጽ ዝም ብሎ አያልፈውም። በኛ አቆጣጠር የተናገርነው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ቢጻፍ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ያልነውም ሌሊት ይሆናል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሰውየው ውሸታም ሊባል ይችላል ማለት ነው።

የሚስ ማርፕል ዘዴ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ትዕግሥት ነው። ሌላው ሰው አንድ ስም ይዞ ሲሮጥ እሳቸው ቢያንስ ሰባት ሰው ሊጠረጠር ይችላል ብለው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ማመሳሰል ነው። አዲስ ሰው ሲያዩ ድሮ ከሚያውቁት ሰው ጋር ያመዛዝኑታል። ይህ ሁሉም በሚተዋወቅበት መንደር ይሠራ ይሆናል። እኛ እዚህ ጋአን ሊባህ ከየቦታው የተሰባሰብን ሰዎች ነን። «የእንትን አገር ሰው እኮ ነው» ብሎ መፍረድ ከጀመርን የሚጎዳው ሌባው ብቻ አይደለም፣ ንጹሑም ነው። ስለዚህ ትዕግሥታቸውን እንውሰድ፣ ማመሳሰሉን ግን በጥንቃቄ።

ጉድለትም አለው። የገጸ ባሕርያቱ ብዛት ያደናግራል፤ ደራሲዋ ራሷም በ1977 በታተመው የሕይወት ታሪኳ ሰዎቹና ንዑስ ታሪኮቹ እንደበዙ አምናለች። የቄሱ ሠራተኛ ሜሪ የምትታየው ለሳቅ ነው። የቄሱ ሚስት ምግብ ማብሰል እንድትማር አይፈልጉም፤ ሙያ ካወቀች ሌላ ቤት ይወስዳታላ! ደራሲዋ ይህን እንደ ቀልድ ታልፈዋለች፣ አስተማሪ ግን ሊያልፈው አይገባም። ከሁሉ በላይ የጎደለው ለቅሶ ነው። በኛ ዘንድ ሟቹ ክፉም ቢሆን መጀመሪያ ድንኳን ይተከላል፣ ጠላትም ቢሆን መጥቶ ይቀመጣል። እዚህ ግን የሰው ሞት እንደ እንቆቅልሽ ይፈታል እንጂ አይለቀስም። መጽሐፉ ቀላል ሆኖ የሚነበበው ለዚህ ነው፤ ካነበብነው በኋላ አንድ ነገር የጎደለ የሚመስለንም ለዚሁ ነው።

ገዳዩ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። መምህራን ሆይ፣ በክፍል ስታስነብቡት መጨረሻዎቹ ምዕራፎች ላይ ሳትደርሱ አቁሙ። ተማሪዎች ደብተራቸውን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፦ አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ። ያገኙትን ፍንጭ ሁሉ በየቦታው ይጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ከሁለቱ ከረዘመ፣ ማንንም ለመክሰስ ገና ናቸው።